የተሰረዘ ፋይል ጠፍቷል ማለት አይደለም

«ፋይሉን ሰርዘው የቆሻሻ መጣያውን ባዶ ካደረጉ ማንም አያገኘውም» ብለው የጻፉ ሰው አሉ። ስሕተት ነው፤ ይህን አምነው አሮጌ ኮምፒውተራቸውን የሚሸጡ ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። መሰረዝ ማለት ከመጽሐፍ ማውጫ ላይ አንድ ርዕስ መፋቅ ነው፤ ገጹ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል።

አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ዴኒስ ሬደር የተባለው ነፍሰ ገዳይ በ2005 እ.ኤ.አ. ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሎፒ ዲስክ፣ ማለትም የድሮ ተነቃይ የፋይል ማከማቻ፣ ላከ። መርማሪዎች ከዲስኩ ላይ የተሰረዘ የዎርድ ሰነድ አወጡ፤ በሜታዳታው፣ ማለትም ስለ ሰነዱ በተመዘገበው መረጃ ውስጥ፣ «ዴኒስ» የሚል ስምና የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነበሩ። ከ30 ዓመት በላይ ያልተደረሰበት ሰው በቀናት ውስጥ ተያዘ!

በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ዲስክ በሌለው የኮምፒውተር ማከማቻ፣ ላይ ግን ትሪም የተባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ሊያጸዳ ስለሚችል ነገሩ ይለያል።