ቤተ መንግሥት በቆርቆሮ

ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለው ሱቅ ሰሞኑን አዲስ ታፔላ ሰቅሏል፤ «ሱፐር ማርኬት» ይላል። ውስጡ ያው ነው፦ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻማ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከሚዛኑ ጎን ደግሞ ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር። ባለሱቁ ማዕረግ የጨመረ መስሎታል። «ሱቅ» ግን ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በአገሩ ገበያ ማለት ነው፣ ከነግርግሩና ከነደላላው። ሰውዬው ድሮም ገበያ ነበረው፤ አሁን ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ገበያ አስጻፈበት። ሱቅ በደረቴውንማ ተዉት! ያ ሁሉ ገበያ ማስቲካና ሶፍት ሆኖ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ገበያው በሙሉ ይሮጣል።

የኪዮስክ ነገር ይብሳል። ፋርሶች «ኩሽክ» ሲሉ ቤተ መንግሥት ወይም እልፍኝ ማለታቸው ነበር። ቱርኮች ተቀብለው የአትክልት ስፍራ ማረፊያ አደረጉት፤ ከዚያ አውሮፓውያን ተቀባበሉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ አራት ቆርቆሮና አንድ መስኮት ቀርቶታል። ንጉሡ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቻ ብቅ ያደርጉና «ዝርዝር ከሌለህ አልሸጥልህም» ይላሉ። መንገድ ሊሰፋ ነው የተባለ ዕለት ሥርወ መንግሥቱ ከቀትር በፊት ተነቅሎ በጋሪ ይጫናል።

ቡቲክም ሥሩ ግሪክ ነው፤ መጋዘን ማለት ነበር። በእኛ ሰፈር መጋዘን ሦስተኛ ደንበኛ ከመጣ አንዱ ይወጣለታል። ልኳንዳ ደግሞ በጣልያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እኛ ዘንድ የሚያድረው እንግዳ በሬው ብቻ ነው፤ ያውም ተሰቅሎ።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ግሮሰሪ ነው። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የወጣ ቃል ነው፤ መነሻው ጅምላ ሻጭ ነበር። እንግሊዞች ዱቄትና ሻይ ቅጠል የሚሸጥበት አደረጉት። ከውጭ የመጣች የአክስቴ ልጅ ይህንኑ አምና እንቁላል ልትገዛ ማዶ ካለው ግሮሰሪ ገባች። አስተናጋጁ ወንበር ስቦላት ጠረጴዛውን ወለወለና «ቢራ ነው ድራፍት?» አላት። ቃሉ ግን ሥሩን አልካደም፤ ቅዳሜ ማታ እዚያ የሚቀመጡት ጎረቤቶቼ በችርቻሮ ጀምረው በጅምላ ነው የሚጨርሱት።

ከባዕድ ያልተዋስነው ጉልት አለ። በድሮው ሥርዓት ባለጉልት ማለት ከገበሬው ግብር የሚበላ ጌታ ነበር፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ባላባቱን ከነመሬቱ ሸኘው። የዛሬዋ ባለጉልት ከታክሲ ተራው አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፈው ቲማቲም በመደብ በመደብ ደርድረዋል። ይህንን ታሪክ ላስረዳቸው ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ድሮ ቢሆን እኮ ግብር የሚገባው ለእርስዎ ነበር።»

«ይሁን ልጄ» አሉኝ፣ እጄን እያዩ። «የጨመቅኸውን ቲማቲም ትወስደዋለህ?»