6 ትራክ ዝምታ

ቤት የገባሁት አሁን ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይኼን ካልጻፍኩ ግን ዛሬ እንቅልፍ የለም።

ያቺ ድምፁን የምሠራለት ፊልም ውስጥ ያለችው፣ ስለሷ ስለፈልፍባችሁ የከረምኩት የመርዶ ትዕይንት ዛሬ ፕሮዲውሰሩ ፊት ቀረበች። ሰውየው ከነቆሎው፣ ከነሚስቱ፣ ከነሚስቱ ወንድም መጣ። የሚስቱ ወንድም ለምን እንደሚመጣ እስከዛሬ አልገባኝም። ግን አስተያየት ይሰጣል።

ትዕይንቷን ታውቋታላችሁ። ማለዳ ነው። እናትየዋ ቡና ጥዳለች። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ይቆማሉ። ማንም ቃል አይተነፍስም። እሷ ቀና ትላለች። ታያቸዋለች። ቡናው ይገነፍልና ከሰሉ ላይ ችስስ ይላል። በቃ። 35 ሰከንድ፣ ያለ ሙዚቃ።

እነዚያ 35 ሰከንዶች ሁለት ሌሊት በልተውኛል። ድምፁን ዘግተህ ብትተወውማ ተመልካቹ ስፒከር የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ዝምታም ይሠራል። የክፍሉ የራሱ ድምፅ አለ። ጀበናው አለ። ከሰሉ ሲንጣጣ አለ። የነጠላው መንሿሿት አለ። የሴትየዋ ትንፋሽ አለ። ከሩቅ ደግሞ አንድ ውሻ። እያንዳንዱ ለብቻው የተቀመጠ ድምፅ፣ ማለት ትራክ ነው። (ውሻው የሰፈሬ ነው። አዎ፣ ያ ባለፈው የተማረርኩበት። ታርቀናል።)

እና ትዕይንቷ ደረሰች። ልቤ እየመታ ነው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ።

«አቁሙት! አቁሙት! ድምፁ ጠፋ!»

ኤዲተሩ ወደኔ ዞረ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«አልጠፋም ጋሼ። እንደዚያ ነው የተሠራው።»

«ምን ተብሎ?»

«ዝምታ ነው ጋሼ።»

«እና እኔ ብር የከፈልኩህ ለዝምታ ነው?»

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ክብሬ ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። ምላሴን በቆረጠው!

«ጋሼ፣ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ 6 ትራክ አለው።»

«ስድስት ትራክ ዝምታ!» አለ፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ። የሚስቱ ወንድም «ሰባተኛውን እኔ ልጨምርለት» ብሎ አፉን በመዳፉ ከደነ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ «ስድስት ትራክ» ነው። ኤዲተሩ ስልኩ ላይ ቀይሮ መዝግቦታል፣ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን መጨረሻ ላይ፣ ሳቁ ሲበርድ፣ ትከሻዬን ይዞ በአባትነት ያለኝ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ታዲያ ሕዝቡ የት ጋ ማልቀስ እንዳለበት በምን ያውቃል?»

ልጇ ሞቶባት እኮ ነው! በምን ያውቃል ይለኛል!

እኔ ደግሞ የሙዚቃ ጠላት አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1975 ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ «ጆውስ» የሚባለውን የሻርክ ፊልም ሲሠራ የማሽኑ ሻርክ እየተበላሸ መከራውን አሳየው። ሻርኩ በሌለበት ቦታ የሙዚቃ ደራሲው የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታ ገባችለት። ዱ ደም፣ ዱ ደም። ውኃ ብቻ እያየህ ትንቀጠቀጣለህ። እዚያው ፊልም ላይ ሁለት ልጆች የውሸት የሻርክ ክንፍ ይዘው ሕዝቡን ያስደነግጣሉ። ያኔ ዱ ደም የለም። ሻርክ የለማ! ሰዎቹ ሙዚቃውን ሲከፍቱትም ሲዘጉትም አውቀው ነው። ይኼን ሁሉ ላስረዳው ፈልጌ «ጋሼ፣ ጆውስ ላይ» ከማለቴ «እኛ ዓሣ አይደለም የምንሠራው» አለኝ።

ምን ትለዋለህ?

እሺ አልኩ። ያው እሺ ነው የምለው። «ዋሽንት አድርግበት» አለ። ዋሽንት የእረኛ ነበር። ሜዳ ላይ ከብት ሲታገድ፣ ልጅ ሲናፍቅ፣ ሲደሰትም የሚነፋ። እኛ ፊልም ላይ ግን ሥራው ቀብር ብቻ ሆኗል። አንድ ዋሽንት ከተሰማ አንድ ሰው ሊሞት ነው። የሚስቱ ወንድም «ዋሽንት አልቋል፣ ፒያኖ ይሻላል» አለ። ከዩቲዩብ አውርዶ በፍላሽ ይዞት መጥቷል! ያንኑ ፒያኖ አምና የሠራሁት የቀለም ማስታወቂያ ላይ ተጠቅመንበታል። አሁን እናትየዋ መርዶ ስትሰማ እኔ የሚታየኝ ግድግዳ ነው።

እና የት ላይ እንዲገባ ያዘዙኝን ታውቃላችሁ? እናትየዋ ቀና ከማለቷ 4 ሰከንድ በፊት። በፊት! አገራችን ላይ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ተጠንቅቆ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወገን ከቧት። አሁን መርዶ ነጋሪው ፒያኖው ሆነ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከእናትየዋ ቀድሞ ሰምቶ እሷን ይጠብቃታል።

ደግሞ ቀረጻው ላይ የደረሰብኝን አላነሣሁም። ላንሣው እንዴ? ልብስ ላይ የሚሰካውን ክሊፕ ማይክ ነጠላ ሥር የደበቁት እነሱ፣ «ለምን ይንኮሻኮሻል» የምባለው እኔ። ብሎኬት ማምረቻ አጠገብ ቤት የተከራዩት እነሱ። ጄኔሬተሩን ለ10 ደቂቃ አጥፉልኝ ስል «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል»። የክፍሉን ድምፅ ልቅዳ፣ ለ1 ደቂቃ ዝም በሉ ብዬ ስለምን አንዱ ስልኩን አነሣ። «ሄሎ፣ ቀረጻ ላይ ነኝ፣ ዝም በሉ ተብለናል» እያለ ያወራል። ፖስተሩ ላይ የምግብ አቅራቢው ስም አለ። የኔ የለም። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ግማሽ ክፍያዬም እስካሁን «ሰኞ» ነው። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተነገረኝም።

ፒያኖውን አስገባሁት። ምን ላድርግ፣ የቤት ኪራይ ዝምታ አይቀበልም። ዓርብ ይታያል። ከሄዳችሁ እዚያች ቦታ ላይ ጆሯችሁን አቅኑ። ፒያኖው ሥር ጀበናውን ደብቄዋለሁ። ውሻውንም።

አሁን ፊቴን ስታጠብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና የባሰ ተናደድኩ። ሰውየው ፊልሙ ከተጀመረ አንሥቶ ቆሎ ሲቆረጥም ነበር። ቀረጭ፣ ቀረጭ። 40 ደቂቃ ሙሉ፣ ሠርጉም ላይ፣ ድብድቡም ላይ፣ የፍቅሩም ቦታ ላይ። እናትየዋ ቀና ስትል ግን አቆመ። እጁ ከነቆሎው አፉ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ከጎኑ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ነው ብድግ ብሎ «ድምፁ ጠፋ» ያለው።