ኪሎው ይራገፍ ወይስ ኤሲው ይቆይ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ለእሽቅድምድም ትራክ በሚሠራ የስፖርት መኪና ላይ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ምቾት ቢጓደል፣ ዋጋም ቢጨምር ተገቢ ነው።» አንዱ ተከራካሪ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

እኔ ከፍሬን ልነሳ። ስለ ቀላል መኪና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አፈተላለኩ ነው፤ ክብደት ዕዳውን የሚያስከፍለው ግን መኪናው ሲቆም ነው። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲበር 2.3 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ተሸክሟል። 1200 ኪሎ የሚመዝነው በዚያው ፍጥነት 1.85 ገደማ ይሸከማል። ልዩነቱ የትም አይሄድም፤ በየቀጥታው መንገድ ጫፍ ላይ ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ውስጥ ይገባል። ጥቂት ዙር በሙሉ ኃይል ከተነዳ በኋላ ከባዱ መኪና ላይ የሚሆነውን ትራክ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ መያዝ ይጀምራል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ልስልስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ አሽከርካሪውም ከዚያ ወዲያ በየኩርባው ቀደም እያለ፣ ሳያምነው ነው የሚይዘው።

ጎማም የራሱ ሕግ አለው። ጎማ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ቢሆን መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ያድጋል፣ ግን ከጭነቱ ያንሳል። ከባድ መኪና ኩርባ ውስጥ ሲገባ ጭነቱን በውጪዎቹ ሁለት ጎማዎች ላይ ይደፋዋል። ሰፊ ጎማ እንግጠምለት ከተባለ ሰፊው ጎማ ራሱ ከባድ ነው፣ ትልቅ ቸርኬም ይፈልጋል። ጉልበት እንጨምርለት ከተባለ ትልቅ ሞተር ትልቅ ራዲያተር፣ ትልቅ ታንከርና ትልቅ ፍሬን ያስከትላል። ከዚህ አዙሪት መውጫው አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው ኪሎውን መከልከል።

የእንግሊዙ የስፖርት መኪና አምራች የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ነው። ኩባንያው እርሱ ካለፈ በኋላም መንገዱን አልለቀቀም። በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊስ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው አጽም) ተበይዶ ሳይሆን በሙጫ ተያይዞ የተሠራ አሉሚኒየም ነበር፤ 68 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። መኪናው ባጠቃላይ 725 ኪሎ ገደማ ነው። ከኋላው ያለው ባለ 1.8 ሊትር ሞተር 118 የፈረስ ጉልበት ነው የሚሰጠው፣ ለዚያ መኪና ግን በቂ ነበር። ሆንዳም በ1992 ኤንኤስኤክስ አርን ሲያወጣ የሞተሩን ጉልበት ከፍ አላደረገም። የድምፅ መከላከያውን፣ ኤሲውንና ቴፑን አወጣ፤ መቀመጫዎቹን ቀየረ፤ 120 ኪሎ ገደማ አራገፈ። ያንን መኪና ዛሬም ድረስ የሚያስወሳው ይኸው ነው።

ተቃዋሚ

ስለ ፍሬኑም ስለ ጎማውም የተባለውን አልክድም። ክርክሬ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ በስንት ተገዛ? የተጠቀመበትስ ማን ነው? በመጀመሪያ ግን ባልደረባዬ የዘለሉትን ልሙላ። ሆንዳ ኤንኤስኤክስ አር ላይ ሞላዎቹንም አጠንክሯል፣ የመጨረሻውን የማርሽ ምጥጥንም ቀይሯል። የመኪናውን ጠባይ የለወጠው ኪሎው ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ቢኤምደብሊው ኤም 3 ሲኤስኤል ልምጣ። በ2003 ሲወጣ ከመደበኛው ኤም 3 በ110 ኪሎ ገደማ ይቀል ነበር። የሻንጣ ቦታው ወለል ካርቶን ነበር፣ ጣሪያው ካርቦን ፋይበር የሚባለው ቀላልና ጠንካራ ቁስ። ሰው የሚያስታውሰው ጣሪያውን ነው። ያ ጣሪያ የቀነሰው ስድስት ሰባት ኪሎ ነው! 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ታንከሩን ሩብ ብቻ ይዞ ትራክ የገባ ሰው፣ ሙሉ ታንከር ይዞ ከገባው ሰው ከ30 ኪሎ በላይ ይቀላል፤ ለዚህ ያወጣው ሳንቲም የለም። ደግሞ ሲኤስኤል ላይ ኤሲና ሬዲዮ ወጥተው ቢሸጥም፣ የፈለገ ገዢ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስመልሳቸው ነበር። ፋብሪካው መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን የት እንደሚውል ጠንቅቆ ያውቃል።

ገዢውም ያውቃል። የ1973ቱ ፖርሽ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 በሁለት ዓይነት ለመንገድ ይሸጥ ነበር። አንደኛው ስስ ላሜራና ስስ መስታወት ያለው፣ የኋላ መቀመጫ የሌለው፣ በሩ በገመድ ተስቦ የሚከፈተው ቀላሉ ነው። ሁለተኛው ቱሪንግ የተባለው፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የከበደው፣ መቀመጫውና ምንጣፉ የተሟላለት ነው። የተሠራው ቀላል 200 ሲሆን ቱሪንጉ 1308 ነው። እነዚያ ገዢዎች ስለ መኪና የማያውቁ አልነበሩም።

ድካምንስ ለምን እንረሳዋለን? የትራክ ቀን አንድ ዙር ነድቶ የሚያበቃ አይደለም። ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተነዳ፣ እየታረፈ፣ እንደገና እየተገባ ቀኑ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ኤሲ በሌለው ካቢን ውስጥ ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ላቡ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ መሪውን ለቆ መጥረግ አይችልም። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 55 ሜትር ይጓዛል። ሙቀት ያዛለው እግር ፍሬን ለመርገጥ አንድ አስረኛ ሰከንድ ቢዘገይ አምስት ሜትር ተኩል ጠፋ ማለት ነው። ስስ መስታወቱ ያንን አምስት ሜትር አይመልስለትም።

ሌላው ደግሞ ከባድ መኪና ቀርፋፋ ነው መባሉ ነው። በ2008 ኒሳን ጂቲአር 1740 ኪሎውን ይዞ የጀርመኑን የኑርቡርግሪንግ ትራክ በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ዞረ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ጂቲ ቫይሳኽ ከተባለው የክብደት መቀነሻ ጥቅል ጋር የኋላ መቀመጫው ወጥቶለት፣ በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ ተቀንሶለት እንኳ ከ2200 ኪሎ ይበልጣል። እዚያው ትራክ ላይ ያስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ7.55 ሰከንድ ነው።

ደጋፊ

ሁለቱም ሰዓቶች እውነት ናቸው። ግን የአንድ ዙር ሰዓቶች ናቸው፤ የነዱትም ባለሙያዎች፣ ለዚያ ዙር ተብሎ በተዘጋጀ መኪና ነው። ባልደረባዬ ራሳቸው የትራክ ቀን አንድ ዙር አይደለም ብለዋል። እንግዲያው ቀኑን ሙሉ እንቁጠረው። 2200 ኪሎ ደጋግሞ የሚያቆም ፍሬን፣ 2200 ኪሎ ኩርባ ውስጥ የሚይዝ ጎማ በስንት ጊዜ ይቀየራል? የክብደት ዋጋ መኪናው ሲገዛ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ሸራ በተቀየረ ቁጥር ይከፈላል። ቀላል መኪና ሲገዛ ቢወደድ እንኳ ሲነዳ ይረክሳል።

የአርኤስ 2.7 ቁጥር አላስደነገጠኝም። ቱሪንጉን የገዛው ሰው መኪናውን በአዘቦት ቀን ሊነዳው ነው የገዛው፣ መብቱ ነው። እኛ የምንከራከረው ግን ለትራክ ስለሚሠራ መኪና ነው። ያ መኪና የተወለደው ፖርሽ ለውድድር ፈቃድ እንዲያገኝ ነው፤ ለውድድር የተዘጋጁት ደግሞ የትኛውን መንገድ እንደተከተሉ ግልጽ ነው።

ስለ ቤንዚኑ የተሰጠው ምሳሌ ጥሩ ነው፣ እኔም ሩብ ታንከር ይዤ ነው የምገባው። ነገር ግን ኪሎ ሁሉ እኩል አይደለም። ታንከር ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ጣሪያ የመኪናው ጫፍ ነው፤ ከዚያ የተነሳ ስድስት ኪሎ የስበት ማዕከሉን ያወርዳል። ከቸርኬ የተነሳ ኪሎ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቸርኬ በሞላው ላይ የተንጠለጠለ ክብደት አይደለም፤ ከሞላው በታች ያለ ነው። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ሞላው ወደ መሬት መልሶ ሊጫነው የሚታገለው ከእርሱ ጋር ነው። ከዚህ በላይ ስለሚሽከረከር መኪናው ሲነሳም ሲቆምም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ማግኒዚየም ቸርኬ የገጠመ ሰው ልዩነቱን መሪው ላይ ይሰማዋል።

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። ባልደረባዬ ቀላልነትና ምቾት ጠላቶች እንደሆኑ አድርገው ነው የሚከራከሩት። አልፒን ኤ110ን ይመልከቱ። ክብደቱ 1100 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ኤሲ አለው፣ ከመንገዱም ጋር አይጣላም። ምስጢሩ ክብደቱ ራሱ ነው። ቀላል መኪናን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ጠንካራ ሞላ አያስፈልግም፤ ለስላሳ ሞላ ይበቃዋል፣ ለስላሳ ሞላ ደግሞ ወገብ አያምም። ከባዱ መኪና ነው ኩርባ ላይ እንዳይጋደም በደረቅ ሞላ መታሰር ያለበት። ማክላረን ኤፍ1ም እንዲሁ ነው። ነዳፊው ጎርደን መሬይ በ1992 ሲያወጣው በካርቦን ፋይበር ሻንሲ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የመንገድ መኪኖች አንዱ ነበር፤ 1138 ኪሎ ይመዝናል፣ ኤሲም ሙዚቃም ሻንጣ ማስቀመጫም አለው። በ1995 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው የዚያው መኪና ዝርያ ነው።

ተቃዋሚ

ማክላረንን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ዋጋው ግን ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር፤ በዚያን ዘመን። የሞተሩ ቤት ሙቀት እንዲመልስ ወርቅ ተለብጦለታል። ቀላልም ምቹም ሆኖ የተሠራው ለገንዘብ ገደብ ስላልነበረው ነው። ለቀሪው ዓለም ከሦስቱ አንዱ ይጎድላል፤ ወይ ይከብዳል፣ ወይ ይጎረብጣል፣ ወይ ይወደዳል።

ኤሊስን ደግሞ የሚያወድስ ሰው ጣሪያው ተገጥሞ ሲገባበት ይታይ። ሻንሲው ጠንካራ እንዲሆን የጎኑ ደፍ ሰፊና ከፍ ያለ ነው፤ አንድ እግር አስገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ መቀመጫው መውደቅ ነው ያለው። እኔ ኤሊስን እወደዋለሁ። ግን ከመነሻው ትንሽ ተደርጎ የተነደፈ መኪና ነው። ትንሽ መኪና ትንሽ ሞተር ይዞ ቀላል ቢሆን ተቃውሞ የለኝም። ማዝዳ ኤምኤክስ 5ም እንደዚያ ነው፤ አንድ ቶን ገደማ ሆኖ ተራ ሰው የሚደርስበት ዋጋ ነው ያለው።

የምቃወመው ሌላውን መንገድ ነው። ትልቅና የተሟላ መኪና ይሠራል፣ ከዚያ ከላዩ ላይ ዕቃ ይነሳለታል፣ ለተነሳው ዕቃ ገዢው ተጨማሪ ይከፍላል። የበር እጀታ ወጥቶ በጨርቅ ማሰሪያ ይተካል። ጥቂት ግራም ነው የሚቀንሰው። ያ ማሰሪያ የተቀመጠው ለሚዛን አይደለም፣ ለዓይን ነው። በዚያ ገንዘብ ሁለት ሙሉ ስብስብ ጎማ ተገዝቶ፣ ጥሩ አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ቢነዳ ሰዓቱ በእርግጠኝነት ይወርዳል።

ካርቦን ሴራሚክ ፍሬንም ምሳሌ ነው። ዲስኩ ከብረቱ በግማሽ ያህል ይቀላል፤ ባልደረባዬ ስለ ቸርኬ ያሉት ሁሉ ለእርሱም ይሠራል። ነገር ግን አዘውትረው ትራክ የሚገቡ ብዙ ባለቤቶች የብረት ዲስክ መርጠው ይገጥማሉ። ሴራሚኩ ሲያልቅ የመተኪያው ዋጋ ስለሚከብዳቸው ነው። እንግዲህ ሲነዳ ይረክሳል የተባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ደጋፊ

ሴራሚኩን ልተውልዎ። የጨርቅ ማሰሪያውንም ልተውልዎ፤ እኔም ሚዛን ላይ የማይታይ ነገር ሲሸጥ አልወድም። ኤሲም ይቆይ፤ ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ነው፣ ስለ ላቡ የተናገሩት ትክክል ነው።

የማልተወው ግን አለ። በሞተር የሚንቀሳቀስ መቀመጫ ይውጣ፤ ቋሚውና ሰውነትን የሚይዘው ይግባ። የኋላ መቀመጫ ይውጣ። የድምፅ መከላከያው፣ የድምፅ ማጉያዎቹ፣ ከባዱ የእርሳስ ባትሪ ይውጡ፤ በሊቲየም ባትሪ ብቻ አሥር ኪሎ ገደማ ይነሳል። ቸርኬው በመጠን ይነስ፤ ትንሽ ቸርኬ ከትልቁ ይረክሳል፣ ጎማውም ይረክሳል፣ መንገዱም ይለሰልሳል። ይህ ሁሉ መኪናውን ትራክ ላይ የተሻለ ያደርገዋል፤ ወደ ቤት ሲመለስ ጫጫታ ቢኖረው የጆሮ መድፈኛ አለ።

ተቃዋሚ

ጫጫታውን በጆሮ መድፈኛ መቻል ለግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ትራክ ያለበት ቦታ ግን ለአብዛኛው ሰው ሩቅ ነው። መኪናውን ጭኖ የሚወስድለት ተጎታች ያለው ሰው ስንት ነው? በዝናብ ሲመለስ ደግሞ ለደረቅ ትራክ የተሠራው ጎማ ውሃ ላይ መንሸራተት ይወዳል። ደክሞት፣ ድምፅ አደንቁሮት፣ መሪውን ጨብጦ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው አደጋው ከትራኩ ይልቅ እዚያ መንገድ ላይ ነው። የድምፅ መከላከያው ይቆይ የምለው ለዚህ ነው፤ ቅንጦት ፈልጌ አይደለም።

የኋላ መቀመጫው ይውጣ፣ ቸርኬውም ይነስ፤ እስማማለሁ። አምራቾቹን ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «ቀላል ጥቅል» ብለው ሲሸጡ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ኪሎ እንደቀነሰና ስንት እንደተጠየቀበት በየመስመሩ ይጻፉት። ጣሪያው ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ብር። ቸርኬው ይህን ያህል። ገዢው ያንን ወረቀት ይዞ ይምረጥ፤ እኔም ቸርኬውን ቀድሞ ይወስዳል ብዬ እገምታለሁ፣ ጣሪያውን ደግሞ ይተወዋል።

ደጋፊ

ወረቀቱ ይጻፍ፤ እኔም እፈርማለሁ። ጣሪያውን ግን አልተውም።