ለልጅ የመጀመሪያ የዓሣ ዘንግ፦ ሜሪላንድና ቢሾፍቱ

ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ ወገኖች ለወንድምና ለእህት ልጆች ከሚይዟቸው ስጦታዎች መካከል አንዳንዴ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይገኛል። አዝራሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ክር የሚለቅ፣ እጀታው ሲዞር የሚጠቀልል ዓይነት ነው። ስጦታው መልካም ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ዳርቻ ለሚያድግ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የጠፋው ዘንግ ሳይሆን የሚቀመጥበት የውሃ ዳር ነውና።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሺንግተን ዲሲ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልገውም። ብዙ መናፈሻዎች ኩሬ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ዳር ላይ ሰው የሚቆምበት የእንጨት መድረክ ተሠርቶላቸዋል። የሕፃን ዘንግ ከነክር መጠቅለያው 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ትል ሳይቀር በኩባያ ይሸጣል። ወላጅ ከሥራ መልስ ልጁን ይዞ ሄዶ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ይመለሳል። ወጪው ዕቃው ላይ ነው እንጂ ዳርቻው የሁሉም ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ነገሩ ይገለበጣል። ዕቃው ከቤትና ከጋራዥ ይሰበሰባል፤ ውሃው ግን ሩቅ ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆኑ ይጠበቃሉ፤ መጠበቃቸውም ተገቢ ነው። የአባ ሳሙኤል ግድብ ቅርብ ቢሆንም የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባበት ነው። ዓሣ ቢገኝበትም በሥጋው ውስጥ የሚጠራቀመው ከባድ ብረት በመጥበስም በመቀቀልም አይወጣም። ልጅ እጁን ነክሮ የሚጫወትበት ውሃም አይደለም።

ስለዚህ የሚቀረው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ሐይቆቹ ባቦጋያም፣ ሆራም፣ ኩሪፍቱም እዚያው ናቸው። ግን የዳርቻውን ብዙ ቦታ ሆቴልና መዝናኛ ይዞታል፤ ልጅን ውሃ ዳር ለማስቀመጥ መግቢያ ወይም ምሳ መክፈል ግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመሄድ በፊት ደውሎ «በዘንግ ከዳር ማጥመድ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ክፍት በሆነው በኩል የአካባቢውን አስጋሪዎች ማስፈቀድና ከመረባቸው መራቅ ያስፈልጋል፤ እንጀራቸው ነው። ወዳጅነት ፓርክን የመሰሉ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያላቸው መናፈሻዎች በተሠሩበት ከተማ አንዲት ኩሬ ለልጆች ዘንግ ብትለይ ትልቅ ነገር ነበር። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቅ ውሃ ስለሚወድ በአዲስ አበባ ከፍታ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ካርፕ የተባለው ዓሣ ግን ቅዝቃዜውን ይችላል።

ወደ ዘንጉ እንመለስ። ለዚህ ዕድሜ ክር መጠቅለያ ያለው ዘንግ አይመከርም። ልጁ አዝራሩን ያለ ጊዜው ይለቀዋል፣ ክሩ ክዳኑ ውስጥ ይቋጠራል፣ አዋቂው ቀኑን ሙሉ ሲፈታ ይውላል። ሁለት ሜትር የሚሆን ደረቅ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ይበቃል። እርጥቡ ስለሚከብድና ስለሚጎብጥ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይድረቅ። 0.20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር መጀመሪያ ዘንጉ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተጠመጠመ ወደ ጫፉ ሄዶ እንደገና ይቋጠራል። ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ከነክሩ አያመልጥም። ከጫፉ የሚንጠለጠለው ክር ከዘንጉ አንድ ስንዝር ማጠር አለበት። ከረዘመ መንጠቆው የሚመጣው ወደ ልጁ እጅ ሳይሆን ወደ ፊቱ ወይም ወደ ጀርባው ቁጥቋጦ ነው።

መንጠቆው 10 ወይም 12 ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ጀማሪ ዓሣ የማይዘው በአብዛኛው ትልቅ መንጠቆ ስለሚያስር ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ ማጥመጃውን ለቅሞ ይሄዳል። የመንጠቆውን ግልባጭ ሹል በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ልጁ ጣት ውስጥ ቢገባ በቀላሉ ይወጣል። ሲታሰር ክሩ በቀዳዳው ይገባል፣ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ጫፉ ከቀዳዳው አጠገብ ባለው ቀለበት ይመለሳል። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ በደረቁ የተሳበ ናይለን ይግልና እዚያው ይበጠሳል።

ለተንሳፋፊ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቁራጭ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል። በምላጭ እስከ መሐሉ ይሰነጠቅና ክሩ ይገባበታል፤ እንዳይንሸራተት የክብሪት እንጨት ይሰካበታል። ለክብደት እርሳስ ለሕፃን አይሰጥም፤ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ትንሽ ዳዶ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር። ቤት ውስጥ በባልዲ ውሃ ይፈተን። ተንሳፋፊው ግማሹ ከሰጠመ ልክ ነው። ሙሉ በሙሉ ከላይ ከተቀመጠ ዓሣው ሲስበው ክብደቱ ይሰማውና ይተፋዋል፤ ጨርሶ ከሰጠመ ዳዶው ባነሰ ይተካ።

ማጥመጃው ትል ወይም ሊጥ ነው። አንድ እፍኝ የፉርኖ ዱቄት በጥቂት ውሃ ጠንከር አድርጎ ማሸትና ቁንጥር ጥጥ በታትኖ መቀላቀል ነው፤ ጥጥ የሌለው ሊጥ ውሃ እንደነካ ይሟሟል። በአተር ፍሬ ልክ ይደረግ። መጀመሪያ መንጠቆው ከተንሳፋፊው 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተነካ ሃያ ሃያ ሴንቲ ሜትር እያወረዱ መሞከር ነው። ልጁ ተንሳፋፊው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይመነጭቃል። «ቆይ አቡሽዬ፣ ሲሰጥም ብቻ ቀስ አርገህ አንሳ» እየተባለ ይለምዳል። ማለዳ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ሲሞላው ግን ልጁ ገና እየወደደው ሳለ ይጠቅለል።

አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ስለሆኑ ዳራቸው ወዲያው ገደል ይሆናል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አዋቂው የሚያጠምደው የራሱን ዘንግ ይዞ ሳይሆን የልጁን ልብስ ይዞ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። በብርዱ ወራት፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣ በጅምላ የሚሞትበት ጊዜ አለ። የሞተ ዓሣ ተንሳፎ ካያችሁ አንድም አታንሱ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።

የተያዘው ቆሮሶ በእርጥብ እጅ ከራሱ ወደ ጭራው እየተዳሰሰ ይያዝ፤ የጀርባው እሾህ የሚተኛው በዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው። አፉ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ እናት ናት፣ ለልጁ አሳይቶ መልቀቅ ይገባል። ከመዳፍ ያነሰውም ይመለስ። ለቤት የሚሄደው በደንብ ይጠበስ፤ ጥሬ ዓሣ የለመደ አዋቂ ቢኖርም ለልጅ አይሰጥም።

ከውጭ የሚመጣ ሰው እንግዲህ ባለ መጠቅለያውን ዘንግ ትቶ 100 ሜትር የ0.20 ክርና ሁለት ፓኮ መንጠቆ ይያዝ፤ መንጠቆው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ለአንድ ዘንግ ሦስት ሜትር ክር ስለሚበቃ ለ30 ያህል ልጆች ይዳረሳል። ሻንጣው ቦታ ካለው በልጅ ልክ የተሠራ የዋና ሰደርያ ይጨመርበት፤ እዚህ እንደ ልብ የማይገኘው እሱ ነው።