ብያኔውን ጥሎ የሚሄድ የሒሳብ መጣጥፍ

ማዝወርልድ የተባለው የሒሳብ ድረ ገጽ ሲአርሲ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ በመሠረተው የቅጂ መብት ክስ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በዚያ ክፍተት የተነሣው ሌላው የሒሳብ ድረ ገጽ፣ ፕላኔትማዝ፣ ጽሑፉን፣ በ2001 እንደተጀመረው ውክፔዲያ ሁሉ፣ ማንም ሊወስደው በሚችል ነፃ ፈቃድ ያወጣ ነበር። በዚህም የተነሣ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በጎ ፈቃደኞች የፕላኔትማዝን መጣጥፎች በዓለም አቀፉ የሒሳብ ዘርፎች አመዳደብ መሠረት በሠንጠረዥ ዘርዝረው፣ የትኛው እንደሚቀዳ፣ የትኛው ካለው ጽሑፍ ጋር እንደሚዋሐድ፣ የትኛውስ እንደማያስፈልግ አንድ በአንድ መመርመር ያዙ። አሰልቺና ስም የማያስገኝ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከፍ ያለ ክብር እሰጠዋለሁ።

ሆኖም መቅዳቱ ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሒሳብ መጣጥፍ ብቻውን አይቆምም፤ እያንዳንዱ ቲዎረም፣ ማለትም በማስረጃ የተረጋገጠ የሒሳብ አረፍተ ሐሳብ፣ ሌላ ገጽ ላይ በተጻፈ ብያኔ (የአንድን ቃል ትርጉም በሚወስን ጽሑፍ) ላይ ይደገፋል። አንድ መዝገበ ዕውቀት የተፈጥሮ ቁጥሮችን ከ1 ሲጀምር ሌላው ከ0 ይጀምራል፤ ሁለቱም ልማዶች የታወቁና ትክክለኛ ናቸው። «ከ1 በስተቀር እያንዳንዱ የተፈጥሮ ቁጥር ወይ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው ወይም ብቸኛ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ውጤት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው መዝገብ እውነት ነው። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ወደ ሁለተኛው ሲዛወር ግን ሐሰት ይሆናል፤ ዜሮ ብቸኛ ቁጥርም፣ ብቸኛ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ውጤትም አይደለምና። ቀጂው ምንም አላጠፋም፤ ጽሑፉ የተደገፈበት ብያኔ ግን አብሮት አልመጣም። በከፍተኛው ሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለው ልዩነት እጅግ ይበዛል፤ ለማየትም የበለጠ ያስቸግራል።

ሌላው ችግር የኃላፊነት ነው። በፕላኔትማዝ እያንዳንዱ መጣጥፍ ባለቤት ነበረው፤ ስሕተት ያየ አንባቢ እርማት ያቀርብ፣ ባለቤቱም መልስ ይሰጥ ነበር። በውክፔዲያ ግን ማንም ገብቶ ያርማል። ስለዚህ በውክፔዲያ የታረመ ስሕተት በምንጩ ላይ ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ በምንጩ የተስተካከለውም ወደ ቅጂው አይደርስም። በገጹ ግርጌ ላይ የሚሰፍረው «ከፕላኔትማዝ የተወሰደ» የሚለው ማስታወቂያ የፈቃዱን ግዴታ ያሟላል እንጂ ይህን አይፈታም። ስለዚህ የሚቀዳ ሁሉ የወሰደበትን ቀንና ቅጂ፣ ጽሑፉ የተመረኮዘባቸውንም ብያኔዎች በውይይት ገጹ ላይ ይመዝግብ፤ የእርማት ማስታወሻም ወደ ምንጩ መላክ የሥራው አካል ተደርጎ ይቆጠር ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ለአማርኛው ውክፔዲያ ሩቅ አይደለም። በዚያ የሒሳብ መጣጥፍ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይነሣል፤ ሁለቱን ገጾች የሚያገናኘው ማያያዣ ደግሞ አንባቢን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ያሻግራል እንጂ የብያኔ ለውጥን ለማንም አያሳውቅም። ጥቂት አዘጋጆች ባሉበት ቦታ እያንዳንዱን ለውጥ መከታተል አይቻልም። የሚቻለው መሠረታዊ ብያኔዎቹን፣ ማለትም ቁጥርን፣ ስብስብንና ፈንክሽንን፣ አስቀድሞ በአማርኛ ተስማምቶ መጻፍና ከዚያ በኋላ የሚተረጎመው መጣጥፍ ሁሉ ወደ እነርሱ እንዲያያዝ ማድረግ ነው።