ምልልሱን ቁጠሩልን

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ የቆመ ሰው የአውቶቡስ ሰልፉን ያውቀዋል። እናት ልጇን አዝላ፣ ተማሪው ቦርሳውን ተሸክሞ፣ የቀን ሠራተኛው ምሳውን በፌስታል ይዞ ይቆማል። አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም።

አዲስ አበባ አውቶቡስ አትገዛም አይባልም። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ሸገር ተጨመረ። በቅርቡ ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መጡ። ለግዢው ገንዘብ ሲወጣ ደስ ይለኛል፤ የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ትራንስፖርት ካልዋለ ለምን ሊውል ነው? ችግሩ ቆጠራችን እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው። ስንት ገባ? ይነገረናል። ዛሬ ጠዋት ስንቱ ከዴፖ ወጣ? እያንዳንዱ ስንት ምልልስ ሠራ? ይህ ሲነገር አልሰማም።

ቀላል ባቡሩን እናስታውስ። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድና 41 ባቡሮች ነበሩት። ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ተሳፋሪው አልጠፋም፣ ሐዲዱም እንዳለ ነው። አውቶቡስም ያው ነው። ጎማ ይፈልጋል፣ ፍሬን ይፈልጋል፣ ባትሪ ይፈልጋል። ለዚህ በየዓመቱ በጀትና የውጭ ምንዛሬ ካልተያዘለት፣ ሪባን የተቆረጠለት አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

«ከትኬት የሚገኘው ገንዘብ ወጪውን ይሸፍን» የሚሉ አሉ። አይሸፍንም። ቤቱ የተሠራው ከተማ ዳር ነው፤ ሥራው መርካቶ፣ ሜክሲኮና ቦሌ ነው ያለው። ስለዚህ አውቶቡሱ ጠዋት ወደ መሃል ጢም ብሎ ይገባል፣ ሲመለስ ባዶውን ነው። ነዳጁ የደርሶ መልስ፣ ገቢው የአንድ ጉዞ። የሚኒባስ ሹፌሩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። መንገዱን እየቆራረጠ የሚጭነው ለዚህ ነው፤ እኛም ለአንድ ጉዞ ሁለት ሦስቴ የምንከፍለው ለዚህ ነው። በሹፌሩ አልፈርድም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገቢ አለበት። ከተማዋ ግን ሰውን ዳር ካሰፈረች፣ የዚያ ባዶ ጉዞ ወጪ የእሷ ነው።

ስለዚህ ከተማዋ ለአውቶቡስ የምትከፍለው ድጎማ በምልልስ ይሰላ። አውቶቡሱ በመስመሩ ላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይከፈል፤ ላልወጣው አይከፈል። ለንደን የግል ኩባንያዎችን የምታሠራው በዚህ መልክ ነው። መስመሩንና ሰዓቱን ከተማዋ ትወስናለች፣ ኩባንያው ይነዳል፣ ጉዞው በእሱ ጥፋት ከቀረ ክፍያው ይቀነሳል። እኛም ዘንድ መስመርና ታሪፍ የሚያወጣው መንግሥት ነው። የቀረን ሰዓቱን ማውጣትና ማስከበር ነው።

ለአውቶቡስ ብቻ ተብሎ የተለየው መንገድም በደንብ ይከበር። የቤት መኪና ካልገባበት አንዱ አውቶቡስ፣ በዚያው ሹፌር፣ ተጨማሪ ምልልስ ይሠራል። ይህ ያለ ዶላር አዲስ አውቶቡስ እንደ መግዛት ነው።

ነገ ሊሠራ የሚችል ነገርም አለ። በየመነሻው አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ የመጨረሻውስ? ማታ 2 ሰዓት ከሥራ የምትወጣ እህታችን፣ መገናኛ ስትደርስ ወደ አራብሳ የሚሄድ አውቶቡስ መኖር አለመኖሩን እዚያው አንብባ ትወቅ።