ቀጣዩ ኤስ-ክላስ የሚመዘነው በኋላ ወንበሩ ነው

መርሴዲስ ቤንዝ ስለ ወደፊቱ ኤስ-ክላስ የተናገረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ መኪናው ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ በነዳጅ፣ ሌላው በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ከ2021 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢኪውኤስ ተብሎ ለብቻው ሲሸጥ የቆየው የኤሌክትሪክ መኪና ስሙን ይለቃል። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኦላ ካሌኒየስ የሁለቱን መኪኖች ነገር በ2025 ከተናገሩ ወዲህ ስለ ባትሪው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብዙ ይጠበቃል። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን የኋላው ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ወለል ነው።

ኤስ-ክላስ ባለቤቱ ከኋላ የሚቀመጥበት መኪና ነው። በ2020 የወጣው የአሁኑ ትውልድ፣ ደብሊው223፣ በሁለት ርዝመት ይሠራል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በአጭሩ 3,106 ሚሊ ሜትር፣ በረጅሙ 3,216 ሚሊ ሜትር ነው። የ11 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት ለሹፌሩ ምንም አይጨምርለትም፤ የኋላው ተሳፋሪ እግሩን እንዲዘረጋበት የተሰጠ ነው። ይህ ስም በይፋ ከተሰጠበት ከ1972 ጀምሮ መኪናው አዲስ የደኅንነት መሣሪያ የሚታይበት መድረክ ሆኖ ኖሯል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ፍሬን በ1978 የገባው በዚሁ መኪና ላይ ነው። ደብሊው223 ደግሞ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ የሚፈነዳ፣ ለኋላ ተሳፋሪዎች ብቻ የታሰበ የአየር ከረጢት ይዞ መጣ። መሐንዲሶቹ ለማን እንደሚሠሩ ያውቃሉ ማለት ነው።

ታዲያ ኢኪውኤስ ላይ ምን ገጠማቸው? ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ የሚወቀስበት ያለ አይመስልም። የአየር መቋቋም መለኪያው 0.20 ነው፤ ሲወጣ ለገበያ ከሚሠሩ መኪኖች ሁሉ ዝቅተኛው ተብሎ ነበር። ባትሪው 107.8 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ በ2024 ወደ 118 አደገ። የጎማ ለጎማ ርቀቱም 3,210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከረጅሙ ኤስ-ክላስ የሚያንሰው በ6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ችግሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ኤስ-ክላስ ከመሬት እስከ ጣሪያ 1,503 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኢኪውኤስ 1,512 ነው። ሙሉ የባትሪ ሣጥን ከወለሉ ሥር ገብቶ የመኪናው ቁመት የጨመረው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ውፍረት ከአንድ ቦታ መቀነስ ነበረበት፤ የተቀነሰውም ከተሳፋሪው ነው።

ወንበር የሚነድፉ ሰዎች ከተረከዝ እስከ ዳሌ ያለውን ቀጥ ያለ ከፍታ ከሁሉ አስቀድመው ይለካሉ። ወለሉ ከፍ ብሎ ወንበሩ ባለበት ሲቀር ይህ ልክ ያጥራል፤ ተሳፋሪው በዝቅተኛ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል። ጭኑ ከወንበሩ ጫፍ ይነሣል፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ወገብና ዳሌ ይደክማል። ወንበሩን ከፍ እናድርገው ቢባል ጭንቅላት ጣሪያ ይነካል፤ የኢኪውኤስ ጣሪያ ደግሞ ነፋስ እንዲያንሸራትት እንደ ቀስት ጎብጦ ወደ ኋላ የሚወርድ ነው። እግር የሚዘረጋበት ሰፊ ቦታ መኖሩ ይህን አያቃልልም። የከፍታ እጥረት በርዝመት አይካካስም።

ሌሎች ኩባንያዎች ለዚሁ ችግር የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ቢኤምደብሊው በ2022 ያወጣውን 7 ሲሪስ ሙሉውን ከፍ አደረገው፤ ቁመቱ 1,544 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 5,391 ነው። የኤሌክትሪኩ አይ7 እና የነዳጁ መኪና አንድ አካል ይጋራሉ፤ የባትሪው ሣጥን ደግሞ ወደ 110 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲቀጥን ተደርጓል። መኪናው ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ ነው፤ ብዙዎች መልኩን አይወዱለትም፤ ከኋላ የተቀመጠ ግን እንደ ሰው ተቀምጧል። ፖርሼ ታይካን በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ሌላ መንገድ ሄደ፤ ከኋላ ተሳፋሪው እግር ሥር ባትሪ ሳያስቀምጥ ጉድጓድ ተወለት። ሉሲድ ኤር የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ነገሩን በግልጽ አሳየው። ትልቁ ባትሪ 22 ሞጁል (ባትሪው የሚገነባባቸው ክፍሎች) አለው፤ 18 ሞጁል ባለው ርካሽ ዓይነት ላይ ከኋላ እግር ሥር የነበሩት ሞጁሎች ስለወጡ የእግር ማሳረፊያው ጠልቋል። ርካሹ መኪና ከውዱ ይልቅ ለኋላ ተሳፋሪ ተመችቷል።

መርሴዲስ ሊከተለው የሚገባው ይህን የመጨረሻውን መንገድ ነው፤ ቢያንስ በረጅሙ ዓይነት ላይ። ከ118 ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛው ቢቀነስ፣ በፋብሪካ መለኪያ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ላይ የሚጠፋው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኋላ ተቀምጦ ወረቀት የሚያነብ ሰው ይህን 80 ኪሎ ሜትር ምናልባት በዓመት አንድ ቀን ይፈልገው ይሆናል። ወለሉን ግን በየቀኑ ይረግጠዋል።

ኢኪውኤስ ላይ መታረም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኋላ በሩ ነው፤ ከነመስታወቱ ስለሚነሣ የዕቃ መጫኛው ከተሳፋሪው ክፍል በብረት ግድግዳ አልተለየም። የጎማ ድምፅ ከኋላ ይገባል፤ ሹፌሩ ሻንጣ ሲያወጣ ቅዝቃዜና አቧራም እንዲሁ። ሁለተኛው የፊት ኮፈኑ ነው፤ ባለቤቱ እንዲከፍተው አልተሠራም፤ የመስታወት ማጠቢያ ውኃ እንኳ የሚጨመረው በግራ የፊት መከለያ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው የራሱን ኮፈን መክፈት መቻል አለበት።

ስለ ቻርጅ። ኢኪውኤስ በ2021 ሲወጣ በ400 ቮልት ደረጃ የሚሠራ መኪና ነበር፤ ፈጣን የመሙያ ገመድ በተለመደው አሠራር 500 አምፔር ያህል ስለሚያስተላልፍ ሁለቱ ሲባዙ 200 ኪሎዋት ይሆናል። የመኪናው የመሙያ ጣሪያም ልክ ይኸው ነበር። ቮልቱ ወደ 800 ሲያድግ ያንኑ ኃይል በግማሽ አምፔር ማስተላለፍ ይቻላል፤ በገመዱ ውስጥ የሚባክነው ሙቀትም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። መርሴዲስ ይህን በ2025 በወጣው ትንሹ ሲኤልኤ ላይ አሳይቷል፤ 85 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ እስከ 320 ኪሎዋት ቻርጅ። ግን አንድ ስሕተት ተሠርቶ ነበር። መኪናው በአውሮፓ መጀመሪያ ሲሸጥ በ400 ቮልት ብቻ ከሚሠሩ ፈጣን ቻርጀሮች መሙላት አይችልም ነበር፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው መለወጫ አልተገጠመለትም። ኤስ-ክላስ ላይ ይህ ቢደገም ይቅር አይባልም። መለወጫው ከፋብሪካ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መግባት አለበት።

ክብደት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የመኪናውን እግር፣ ማለትም አካሉን ተሸክሞ ንዝረቱን የሚውጠውን ክፍል ነው። ኢኪውኤስ 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከ1998 ጀምሮ ኤስ-ክላስ ላይ ያለው ኤርማቲክ በብረት ሞላ ፋንታ ከላስቲክ የተሠራ፣ አየር የተሞላ ከረጢት ይጠቀማል። ከረጢቱ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ሲሆን መኪናው ሌሊቱን በአንድ ጎን ይወርዳል፤ ጠዋት ሲነሣ አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር ያነሣዋል፤ ባለቤቱም ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ኮምፕረሰሩ ግን ከልኩ በላይ እየሠራ ይግላል፣ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ (ሪሌ) ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ከረጢቱን ብቻ በጊዜው መቀየር ሲቻል ሁለቱንም ወደ መቀየር ይደረሳል። ጥርጣሬ ሲኖር ማታ ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ለክቶ ጠዋት መድገም፣ ከዚያ አየር የሚወጣበትን ቦታ ለማግኘት የሳሙና ውኃ መርጨት ነው። መኪናውን በክሪክ ከማንሣት በፊት ደግሞ ሲስተሙ በጥገና ሁኔታ ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከረጢቱ ተጣሞ ሊቀደድ ይችላል።

ጎማውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለከባድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኤችኤል የሚል ምልክት ያላቸው ጎማዎች ወጥተዋል፤ ፒሬሊ በ2021 ለሉሲድ ኤር ያቀረበው የመጀመሪያው ነው። ከተለመደው ተመሳሳይ ልክ ጎማ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ይሸከማሉ። ልኩ ስለገጠመ ብቻ ተራ ጎማ የሚያስገባ ሰው ጎኑ ያበጠ ጎማ ይጠብቀዋል። አዲሱ መኪና ሲመጣ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ በሥዕል ያምራል፤ ለኋላ ተሳፋሪ የሚበጀው ግን ባለ 19 ነው፤ የጎማው ጎን ወፍራም ስለሆነ ጉድጓዱን ይውጣል። የኋላ ጎማዎቹ እስከ 10 ዲግሪ የሚታጠፉበት መሪም ይቀጥላል ተብሎ ይጠበቃል፤ የመዞሪያ ክቡን ወደ 11 ሜትር ያወርደዋልና ጥሩ ነው። ከኃይለኛ ምት በኋላ ግን ፊት ብቻ ተስተካክሎ አይበቃም፤ የኋላው መሪ ማዕከሉን በኮምፒውተር ማግኘት አለበት።

ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ከሁለቱ አዲስ ኤስ-ክላሶች አዲስ አበባን የሚመለከታት የኤሌክትሪኩ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሞተሩ ለማቃጠያ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦን ሲወጣ ጉልበቱ አይቀንስም። ሶኬቱን ግን ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ አገር ውስጥ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቻይና የመጡ ስለሆኑ ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ መርሴዲስ መሰኪያው ሲሲኤስ2 የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው መሰኪያው ቢስማማም፣ የስክሪኑ ቋንቋና የኢንተርኔት አገልግሎቱ ከዚያ ገበያ ጋር የታሰሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱንም ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ ይዞ መዋዋል ነው።

መኪናው ለሕዝብ ሲቀርብ የሚያስፈልገው ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም። ጫማ እንዳደረጉ ከኋላ በቀኝ በኩል መቀመጥ፣ ተረከዙን ምንጣፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከዚያ መዳፍን በጭንና በወንበሩ የፊት ጠርዝ መካከል ማስገባት። መዳፉ ያለ ምንም ጭንቀት ካለፈ ወለሉ አሁንም ከፍ ብሏል፤ ባለ 118 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪውም ቢሆን አያስመርጠውም። ጨርቁ እጅን ጫን ካደረገ ግን ስለ ስክሪኑ መነጋገር ይቻላል።